የእድሩ ጸሐፊ ካርድ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአለርት ሆስፒታል አጥር ብዙም በማይርቅ መንደር፣ የእድር መዝገብ ይዞ ያረጀ አንድ ሰው ነበር። መንደርተኛው በስሙ አይጠራውም፤ «ጋሽ ጸሐፊ» ነው የሚለው። እጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ስርዝ ድልዝ አይወድም። ሕጉ አንድ ነው፦ ያልተጻፈ አልተከፈለም። መዋጮ ከፍያለሁ ያለ ደረሰኝ ያሳያል፤ ደረሰኝ የሌለው እንደገና ይከፍላል፣ በላዩም ይቀጣል። ከግቢው ጓሮ ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው ባሏ የሞተባት ሴት እንኳ ከዚህ ሕግ አላመለጠችም። የከፈለችበት ደረሰኝ በዝናብ በስብሶባት ነበር። አልቅሳ ብትለምነው «ልቤ ያምንሻል፤ መዝገቡ ግን አያውቅሽም» አላት። ክፉ ሆኖ አልነበረም። እድሩ በገንዘብ በተካሰሰ ቁጥር ከመፍረስ ያዳነው የእሱ መዝገብ ነው፤ ይህን የሚጠሉትም አይክዱትም።

ጋሽ ጸሐፊ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ የእህቱ ልጅ ያድር ነበር፤ የታክሲ ረዳት። ልጁን ክረምት ሲገባ ሳል ጀመረው። ብርድ ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀለት። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀው ጀመር፤ ሱሪው ሰፍቶት ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ። እንጀራ ጋጋሪዋ ማታ ማታ ቡና ልታፈላ የሦስት ዓመት የልጅ ልጇን ይዛ ወደዚያው ሳሎን ትገባለች፤ በርና መስኮቱ ለብርዱ ሲባል ዝግ ነው። «ይህ ሳል ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ያለችው እሷ ናት። አክታው በጂን ኤክስፐርት ታየ፤ የሳንባ ቲቢ ሆነ። ልጁ የስድስት ወር መድኃኒቱን ጀመረ፣ ጨረሰ፣ ዳነ። የእሱ ነገር በዚሁ ይብቃ፤ ታሪኩ ምንም ስላላመማቸው ስለ ሌሎቹ ነው።

የጤና ጣቢያው የቲቢ ክፍል ኃላፊ ጡረታዋ የቀረበ ሲስተር ነበረች። ልጁን «ከማን ጋር ታድራለህ? ከማን ጋር ትበላለህ?» ብላ ጠይቃ ሁሉንም አስጠራቻቸው። ሳል አለ? ትኩሳት? የሌሊት ላብ? ክብደት መቀነስ? ማንም የለበትም። አዋቂዎቹ ራጅ ተነሡ፤ ሳንባቸው ንጹሕ ነው። ለትንሿ ልጅ አለመታመሟን ብቻ አረጋግጣ፣ ሌላ ምርመራ ሳትጠብቅ የሦስት ወር መከላከያ አዘዘችላት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሳንባ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ከኖረ እንዲህ እንዲደረግለት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ በዚያ ዕድሜ በሽታው ከተነሣ አይዘገይም፣ አንዳንዴም የአንጎል ሽፋን ድረስ ይዘልቃል። እንጀራ ጋጋሪዋም የታዘዘላትን እሺ ብላ ተቀበለች።

ጋሽ ጸሐፊ ግን ተቆጣ። «ሳል የለኝም፣ ራጄ ንጹሕ ነው። ምን አግኝተውብኝ ነው መድኃኒት የሚያዙልኝ? ማስረጃው የታለ?»

ሲስተር ጥያቄውን ወደደችለት። አጠገቡ ተቀምጣ አስረዳችው። «ባክቴሪያው ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነትዎ ከቦ ይዞታል፤ ስውር ቲቢ ይባላል። አያስልዎትም፣ ከእርስዎም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ እንዲህ ነው ተብሎ ይገመታል። አብዛኛው ሳይታመም ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ከመቶው ከአምስት እስከ ዐሥር የሚሆነው ግን አንድ ቀን ይታመማል። አደጋው የሚበዛው በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ኤችአይቪ ወይም ስኳር ሲኖር፣ ወይም ሕፃን ሲሆን ደግሞ ይብሳል።»

እንጀራ ጋጋሪዋ ከኋላ ሆና «የዳፈንኩት እሳት ነው በሉኛ» አለች። ሲስተር ከዚያ ወዲህ ለሌላውም የምታስረዳው በዚህ ቃል ነው ይባላል።

ጋሽ ጸሐፊ ግን ምሳሌ አላረካውም፤ ቁጥር ፈለገ። የክንድ ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ግን ተገኝቶ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ማንቱ እ.ኤ.አ. በ1908 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ ክንድ ላይ ቆዳው ውስጥ ጥቂት ቱበርኩሊን ይወጋል፣ ከዚያ ይጠበቃል። «ከ48 ሰዓት በኋላ፣ 72 ሰዓት ሳያልፍ ይምጡ» አለችው ሲስተር። በአምስተኛው ቀን መጣ። ለቅሶ ነበረ፤ የእድር ጸሐፊ ደግሞ ከቀብር አይቀርም። ክንዱን ዘርግቶ «ይኸው፣ ምንም አላበጠም፤ ነጻ ነህ ብለው ይጻፉልኝ» አላት።

«ሟቹን ነፍስ ይማር፤ ግን አልጽፍም» አለች። «ቀኑ አልፏል። ዛሬ የማየው ትናንት ምን እንደነበረ አይነግረኝም።»

የዘገየን መዋጮ ሲቀጣ የኖረ ሰው መከራከሪያ አጣ። እንደገና ተወጋና በሦስተኛው ቀን በማለዳ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ተገኘ። አዲስ የተመደበች ወጣት ነርስ ክንዱን አይታ፣ ቅላቱን ለክታ፣ ካርዱም መዝገቡም ላይ «ፖዘቲቭ» ብላ ጻፈች። ሲስተር መጣች። ቅላቱን ትታ በጣቷ ዳሰሰች፤ የጠጠረው እብጠት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት፤ በማስመሪያ ለካችው፤ 14 ሚሊሜትር። የወጣቷን ጽሑፍ ከሁለቱም ላይ በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘች፣ እንዲነበብ ትታ። «ፖዘቲቭ ያልሽው ፍርድሽን ነው፤ የለካሽው የታለ?» አለቻት። «ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ለኖረ ሰው 5 ሚሊሜትር ይበቃል። ለአብዛኛው ሌላ ሰው 10 ይፈለጋል። ነገ ይህን ካርድ የሚያየው ሐኪም የራሱን ፍርድ ይስጥ፤ አንቺ ቁጥሩን ስጪው። ምንም ባያብጥ እንኳ ‹0 ሚሊሜትር› ብለሽ ጻፊ። የተወጋበትን ቀን፣ የተነበበበትን ቀን፣ ማን እንዳነበበው። ከሥሩ ደግሞ፦ ሳል የለም፣ ራጅ ንጹሕ፣ የታመመ ቲቢ የለውም።»

ጋሽ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ቁጣው በረደ። ለሚስቱ «ይቺ ሴት የእድር ጸሐፊ መሆን ነበረባት» አላት ማታ።

መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ፣ በ12 ሳምንት የሚያልቅ ነበር፤ አይሶናያዚድና ሪፋፔንቲን፣ ከነርቭ መደንዘዝ የሚጠብቅ ቢ6 ተጨምሮ። ሽንቱ ቀይ ሲሆን ደነገጠ፤ ሲስተር ቀድማ ነግራው ስለነበር ግን አላቋረጠም። እያንዳንዷን ሳምንት በካርዱም በመዝገቡም ላይ ምልክት ታደርግለታለች። በ12ኛው ሳምንት የመጨረሻውን ቀን ጽፋ «ጨርሷል» አለች፤ ፈረመች። «ካርዱን እንዳይጥሉት። ይህ ምርመራ ከታከሙም በኋላ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ ደምዎም ክንድዎም መታከምዎን አይናገሩም። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ከመጣብዎ ደግሞ ታክሜያለሁ ብለው አይቀመጡ፤ ይምጡ።»

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነበር። ያበላሸው የሕፃኗ ወረቀት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ልጅቷ መድኃኒቱን ገና በመውሰድ ላይ ሳለች መዋዕለ ሕፃናት የምትገባበት ጊዜ ደረሰ። አያትዮዋ ማስረጃ ብትጠይቅ ወጣቷ ነርስ፣ ወረፋው በዝቶባት ይሁን በሌላ፣ «የቲቢ መድኃኒት እየወሰደች ነው» ብላ ጽፋ ማህተም አሳርፋ ሰጠቻት። አንድ ሐሰት የለበትም። መዋዕለ ሕፃናቱም ወረቀቱን አንብቦ «ስትድን አምጧት» ብሎ በሩን ዘጋ። ሴትዮዋ የልጅ ልጇን አዝላ እያለቀሰች ስትመለስ ጋሽ ጸሐፊ ከደጁ ተቀምጦ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበላት። ሲስተር በማግስቱ ሌላ ጻፈች፦ ሕፃኗ አልታመመችም፣ በማንም ላይ አታስተላልፍም፣ የምትወስደው እንዳትታመም የሚከላከል ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ መማር ትችላለች። ልጅቷ ገባች። ጋሽ ጸሐፊ ግን ያነበበው የመጀመሪያው ወረቀት ከልቡ አልወጣም።

ለምን እንደሆነ ሰፈራቸውን ዘነበወርቅን የሚያውቅ ያውቃል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ከየአገሩ በእግሩ እየመጣ ይታከም ነበር፤ የዳነውም የሚመለስበት ስለሌለው ከአጥሩ ውጭ ጎጆ ቀለሰ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት በዚያው ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ አጠገቡ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም የተወሰደ ነው። ያ ባክቴሪያና የቲቢው ባክቴሪያ ከአንድ ወገን ናቸው። ሁለቱም ሰው ውስጥ ገብተው ዓመታት ዝም ማለት ይችላሉ። አለርትም ሁለቱን አብሮ ያክማል፤ ኢንስቲትዩቱም ሁለቱንም ያጠናል።

የጋሽ ጸሐፊ አያት ከነዚያ በእግራቸው ከመጡት አንዷ ነበሩ። ታከሙ፣ ዳኑ፣ ልጅ ወለዱ፣ ልጅ ዳሩ። ሲገቡ ግን ተጽፈዋል፤ መዳናቸውን የጻፈላቸው የለም። እስኪሞቱ ድረስ ጎረቤት ጠላ በሌላ ዋንጫ ነበር የሚቀዳላቸው። ልጅ ሆኖ ያችን ዋንጫ አይቷታል። «በዚህ ሰፈር ሰው ስሙን የሚያጣው በወረቀት ነው» አለ ለሚስቱ። ካርዱን ከኪሱ አወጣ። 14 ሚሊሜትሩ፣ ዐሥራ ሁለቱ ምልክት፣ «ጨርሷል» የሚለውም ፊርማ ሁሉ አለበት። ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተተው።

እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ሞኝ ቢሆን ኖሮ መፍረድ ቀላል ነበር፤ እሱ ግን ያየውን ነው የፈራው። አጭር እውነት ሰውን እንደሚያስወጣ በዓይኑ አይቷል፤ ያውም በማህተም። የሳተው አንድ ነገር ነው፦ አያቱን የጎዳቸው መጻፋቸው አልነበረም፣ ጽሑፉ መሀል ላይ መቅረቱ ነው። በእጁ የያዘው ካርድ ግን እስከ መጨረሻው የተጻፈ ነበር።

እንጀራ ጋጋሪዋ ማንበብ አትችልም። የእሷንና የልጅ ልጇን ካርድ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከእድር ደብተሯና ከቤት ኪራይ ውሏ ጋር ሣጥኗ ውስጥ ከተተች። «ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት «አላውቅም፤ ደረሰኝ ግን መጠየቁ አይቀርም» ትል ነበር። ተቀጥታ የተማረችው ነው።

ዓመታት አለፉ። ሲስተር ጡረታ ወጣች። የጋሽ ጸሐፊ ሴት ልጅ ቨርጂኒያ ትኖር ነበርና አባቷን ወሰደችው። ለቪዛው የጤና ምርመራ ሲቀርብ «ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?» ተባለ። ያችን ዋንጫ አስታወሰ መሰለኝ። «አላውቅም፤ አልወሰድኩም» አለ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ቲቢ በብዛት ካለባቸው አገሮች ወደ አሜሪካ በስደተኛ ቪዛ የሚገባ፣ ሁለት ዓመት የሞላው ሁሉ የደም ምርመራ ይደረግለታል። የእሱም ተደረገ፤ ፖዘቲቭ። ራጁ ንጹሕ ስለነበር መሄድ አልተከለከለም። ስውር ቲቢ እንዳለበት ግን ተጽፎ፣ እዚያ ሲደርስ ሐኪም እንዲያየው ተላከ።

ሐኪሟ በልጁ አስተርጓሚነት አነጋገረችው። መድኃኒት ልትጀምርለት ነው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው በመሆኑም ከዚያ በፊት ጉበቱ እንዲታይ አዘዘች፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ፣ አደጋውም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ሽማግሌው አላስቻለውም፤ ታክሜያለሁ፣ በአገሬ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ውጫለሁ አለ። ሐኪሟ ወረቀቱን ጠየቀች። የለም። ታዲያ የቪዛው ፎርም ላይ ለምን አልወሰድኩም አሉ? ልጁ ይህን ልትተረጉምለት አፈረች።

«እኔ አምንዎታለሁ፤ ፋይሉ ግን አያውቅም» አለች ሐኪሟ። ልጅቷ ስትተረጉም አባቷ ለምን ፊቱ እንደተለዋወጠ አልገባትም።

ሌሊቱን ስልክ ወደ ኮልፌ ተደወለ። ሚስቱ ገና እዚሁ ነበረች፤ በማግስቱ ከእህቱ ልጅ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ካርድ ክፍል «የካርድ ቁጥር?» አለ። ተቃጥሏል። «ስም?» ስሙን ከነአያቱ ነገሩት፤ በዚያ ስም የተጠራ ሰው ብዙ ነው። «መቼ ነበር?» አንዱ ክረምት ነው ይላል፣ አንዷ ጥቅምት። የመከላከያ መድኃኒት መዝገቡ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ተመለሱ። ነገሩን የሰማችው እንጀራ ጋጋሪ ሣጥኗን ከፍታ ፌስታሉን አመጣች። «በአንድ ቀን አብረን ነበር የተመዘገብነው፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?»

ቁጥሩ የመዝገቡ ተራ ቁጥር ነበር። ያቺ ወጣት ነርስ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች፤ እሷም «ሲስተር» ነው የምትባለው። መዝገቡን ራሷ ከመደርደሪያ አወረደች፣ ቀኑን ፈለገች፣ ከሴትዮዋ ስም በታች ያለውን መስመር በጣቷ ተከተለች። በቀጭን መስመር የተሰረዘ «ፖዘቲቭ»፣ ከጎኑ 14 ሚሊሜትር፣ የተወጋበትና የተነበበበት ቀን፣ ራጅ ንጹሕ፣ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን፣ ዐሥራ ሁለት ምልክት፣ ጨርሷል። የራሷን ስርዝ ስታይ ሳቀች። ደብዳቤ ጻፈች፤ ከሥሩም ማንም ሳይጠይቃት «የታመመ ቲቢ አልነበረበትም፤ የወሰደው የመከላከያ ሕክምና ነው» የሚል ጨመረች። ማህተሙ ሳይደርቅ በቴሌግራም ቨርጂኒያ ገባ።

ሐኪሟ አነበበች፤ ሳልና ትኩሳት አለመኖሩን ጠየቀች፤ መድኃኒቱን ተወችው። ለወደፊቱ ይህን ምርመራ እንደገና መደረግ እንደማያስፈልገውም ነገረችው። ኮምፒውተሯ ላይ «ስውር ቲቢ» የሚል መለያ መርጣ ከጎኑ ሕክምናው መጠናቀቁን ጻፈች። የሚገርመው፣ በአሜሪካ ሐኪሞች የሚጽፉበት የበሽታ መለያ መዝገብ ለስውር ቲቢ የራሱን ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሰው የሚገባው «የምርመራ ውጤቱ ምላሽ አሳይቷል» በሚል ቁጥር ሥር ነበር፤ ምርመራው ይጻፋል፣ ሰውየው ምን እንዳለበት አይጻፍም። የኮልፌዋ ሲስተር በማስመሪያና በእስክሪብቶ ሁለቱንም ጽፋ ነበር።

ጋሽ ጸሐፊ እንጀራ ጋጋሪዋን በስልክ አስጠራት። «ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ» አላት።

«ያኔ የቀጡኝን ይመልሱልኛ!»

ዝም አለ። «የተጻፈ ቅጣት አይሰረዝም» አላት ቆይቶ። ሴትዮዋ መሳቅ ጀመረች። «ከኪሴ ግን እልክልሻለሁ፤ ስትቀበዪ ፈርሚ።»

አንባቢዎች ሆይ፣ ከቤታችሁ የቲቢ መከላከያ መድኃኒት የወሰደ ካለ ካርዱን ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። ስሙ ከነአያቱ፣ የምርመራው ዓይነትና ውጤቱ በቁጥር፣ የታመመ ቲቢ እንደሌለበት፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን ተጽፏል? የጎደለ ካለ መዝገቡ ከመደርደሪያው ሳይወርድ ሄዳችሁ አስሞሉት፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሥታችሁ ያዙት።